ቁም ሳጥኔን ማን ሞላው?

ቲክቶክ ላይ አለባበስ የሚያስተምሩ ልጆች በዝተዋል። ትምህርታቸው አንድ ነው። ልብስሽን በሙሉ አልጋ ላይ ዘርግፊ፤ ዓመት ሙሉ ያልነካሽውን ለሰው ስጪ፤ እርስ በርሱ የሚሄድ ጥቂት ጥሩ ልብስ ብቻ አስቀሪ፤ አንድ ነጭ ሸሚዝ፣ አንድ ጥቁር ሱሪ፣ ልክሽ የሆነ አንድ ኮት። ከዚያ በኋላ የራስሽ ስታይል ይኖርሻል፤ ጠዋት ጠዋትም «ምን ልልበስ» እያልሽ ሰርቪስ አያመልጥሽም። ምክሩ አይከፋም፤ እኔም የምመኘው ይሄንኑ ነው። ግን መካሪዎቹ የአጎት ልጅ የሌላቸው ይመስለኛል። ዕድር የላቸውም። አሜሪካ የምትኖር አክስት የለቻቸውም። ልብስ ሰፊያቸው በቀጠሮው ያደርሳል። እኔ አዲስ አበባ የምኖር፣ ዘመድ የበዛብኝ ደመወዝተኛ ነኝ። እዚህ ከተማ ውስጥ ሰው ልብሱን ራሱ መርጦ ይለብሳል የሚል ካለ ይምጣና ቁም ሳጥኔን ይክፈት።

በግራ በኩል የተሰቀለው የሠርግ ነው። ዱሮ ሠርግ የተጠራ ሰው የክት ልብሱን አውጥቶ፣ ካውያ አስነክቶት ይሄድ ነበር። ዛሬ ሠርግ ዩኒፎርም አለው። የሙሽራዋ እህቶች አንድ ዓይነት፣ የአክስትና የአጎት ልጆች ሌላ ዓይነት፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞች ሌላ ዓይነት፤ ለሠርጉ ቀን አንድ፣ ለመልሱ አንድ፣ ለቅልቅሉ ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ። የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። ቀለም «እንመርጣለን»፤ ማለትም ሙሽራዋ መርጣ ትጨርስና እኛ ከታች በልብ ምልክት እናጸድቃለን። ፒች ነው ከተባለ ፒች ነው። እኔ ፒች ስለብስ ከወባ የተነሳሁ ነው የምመስለው፤ ግን ማን ጠይቆኝ? አንዷ ትከሻዋ ሰፊ ነው፣ አንዷ ዳሌዋ፣ አንዷ ገና አራስ ናት፤ ሁላችንም ግን ትከሻው የተገለጠ፣ ወገቡ የጠበቀ፣ ከጉልበት በታች የሚበተን አንድ ዓይነት ቀሚስ ውስጥ እንገባለን። ከዚያ ክፍያ ነው። የጨርቁ ለብቻ፣ የስፌቱ ለብቻ፣ የፀጉሩ ለብቻ፣ የሜካፑ ለብቻ። በማግስቱ ይሰቀላል። ደግሜ ልልበሰው ብል የት? ቢሮ? ጀርባው ክፍት ነው። ሌላ ሠርግ? ያኛውም ሠርግ የራሱ ቀለምና የራሱ ግሩፕ አለው።

እምቢ ማለት ይቻላል የምትሉኝ አትጠፉም። እምቢ ያለች ዘመድ አለችኝ። «አቅሜ አይችልም» ብላ ያላትን ጥሩ ቀሚስ ለብሳ መጣች፤ እንደውም ከሁላችን በላይ አምሮባት ነበር። ፎቶ ላይ ከኋላ፣ ከወንዶቹ መሀል አቆሟት። ነገሩ እስካሁን በየበዓሉ ቡና ላይ ይነሳል።

ከሠርጉ ቀጥሎ የሐዘኑ ነው፤ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ሻሽ። የቅርብ ሰው የሞተባት ሴት እስከ ሙት ዓመቱ ጥቁር ብትለብስ እኔ ምንም አልልም። ሐዘን መልክ ቢኖረው ደግ ነው፤ የሚያያት ሁሉ ሳይነገረው ድምፁን ዝቅ ያደርግላታል። የእኔ እሮሮ ጥቁሩ የሚገዛበት መንገድ ነው። እናቶቻችን የሚለብሱትን ልብስ ራሱን ነበር የሚነክሩት። ጓሮ ውስጥ ትልቅ ድስት ይጣዳል፤ ውሃው ሲፈላ የጥቁር ቀለም ዱቄትና አንድ እፍኝ ጨው ይጨመርበታል፤ ሰማያዊው ቀሚስ፣ ቡኒው ሹራብ፣ ሁሉም ይገባና በእንጨት እየተገላበጠ ሲንተከተክ ይውላል። የነከረችው ጎረቤት ጥፍሯ ለቀናት ጥቁር ነበር። ልብሱ ጥጥ ስለነበር ቀለሙን ይጠጣል። የዛሬው ፖሊስተር አይጠጣም። አንዷ ጎረቤታችን ሞክራው ቀሚሱ አመድማ ሆኖ፣ የስፌቱ ክር ግን እንደነበረ ቀይ ሆኖ ወጣ። ስለዚህ ለቅሶ ተቀምጠሽ፣ ዓይንሽ አብጦ፣ ሰው ይላካል፤ የተላከው ሰው ያገኘውን ይገዛል፤ ዓመት ሙሉ የምትለብሽው ልብስ እንዲህ ይመረጣል።

ቲሸርቶቹን ቶሎ እንለፋቸው። ኅዳር በመጣ ቁጥር የታላቁ ሩጫ አለ፤ ሩጫው ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ አንዳንድ ቤት ውስጥ የቲሸርቱ ክምር የልጆቹ ዕድሜ ያህል ነው። የዎርክሾፕ አለ፣ የባች አለ፣ የማኅበር አለ፣ የሟች ፎቶ የታተመበት አለ። የመጨረሻው በተለይ አይጣልም፣ አይሰጥም፣ ወለል አይወለወልበትም።

ሻንጣው ግን ትንሽ ያስቆማል። አክስቴ ከሜሪላንድ ሰው በመጣ ቁጥር ልብስ ትልካለች፤ ፍቅሯን አልክድም። የምትልከው ግን እዚያ ቅናሽ ላይ ያገኘችውን ነው። እኔን መጨረሻ ያየችኝ ኮሌጅ እያለሁ ስለሆነ ልኬ በእሷ ልብ ውስጥ አላደገም። የሚመጣው ሱሪ ጭኔ ላይ ይቆማል። የሚመጣው ጃኬት ለበረዶ አገር የተሠራ ነው፤ በሐምሌ ብርድ እንኳ ለብሼው ሚኒባስ ውስጥ ብገባ በላብ እጠመቃለሁ። መስጠት ደግሞ አልችልም፤ በቪዲዮ ስንደዋወል «ያቺ ጃኬት እንዴት ሆነችልሽ?» ትላለች፤ አምጥቼ ማሳየት አለብኝ። በምላሹ እኔ ከሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ አሠርቼ እልክላታለሁ። ልኳን በስልክ በኢንች ትነግረኛለች፤ እኔ ወደ ሴንቲ ሜትር እቀይራለሁ፤ ቀሚሱ በሰው ሻንጣ ተጠቅጥቆ ይሄዳል፤ ደርሶ ሲጠባት «ሰፊው ነው ወይስ አንቺ?» ትለኛለች። የበረረው ልክ፣ የተለካው አካል፣ በመሀል የተበላው የፋሲካ ዶሮ፣ ማንም አይጠየቅም፤ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

በገዛ ገንዘቤ የራሴን እገዛለሁ ብዬ ስነሳ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ ስልክ ላይ አያለሁ። ቀሚሱ ያምራል። «ዋጋ?» ብዬ እጽፋለሁ። «ኢንቦክስ»። ለምን? ከእኔ በፊት ሃምሳ ሰው ዋጋ ጠይቋል፤ ለሃምሳውም «ኢንቦክስ» ተብሏል። አንድ ቁጥር ጽፎ መገላገል እንዲህ የሚያስፈራው ምን ቢሆን ነው? ይሁን ብዬ በውስጥ መስመር ስጠይቅ «ፕሮፋይልሽ ላይ ያለው ፎቶ ያንቺ ነው?» ይለኛል። ሊተምነኝ ነው መሰለኝ።

በአካል ብሄድስ? «ስንት ቁጥር ነው?» ስል «ፍሪ ሳይዝ» ትለኛለች፤ የማንም ልክ አይደለም ማለቷ ነው። «ይለጠጣል» ትጨምራለች። መልበሻው ከጥግ የተጋረደች አንዲት ካሬ ነገር ናት፤ መስታወቱ ወደ ኋላ ጋደል ተደርጎ ስለቆመ ሁሉም ሰው ቀጭንና ረጅም ነው። መጋረጃውን ገለጥ ታደርግና «ወይኔ! ላንቺ የተሠራ!» ትላለች። ገና አንድ እጄን ነው ያስገባሁት። የቱርክ ነው ትላለች፤ አንገቱ ሥር ያለው ጨርቅ ሌላ አገር ይላል፤ «እሱ የክሩ ነው» ትላለች። የሱሪው ኪስ የውሸት ነው፤ ላዩ ላይ ዝምዝም አለ፣ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ የለም። ስለ ዋጋው ስንነጋገር የዶላር ትምህርት ይጀመራል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር መቶን አለፈ፤ ይሄ ሁላችንም የምናውቀው ነው። የማይገባኝ፣ ከዚያ በፊት የገባና አቧራ የጠጣ ሹራብ ሳይቀር በነገው ዶላር የሚሸጥበት ምክንያት ነው።

«የአገር ልብስ ልበሺና ተገላገይ» የሚል ሰው ደግሞ አለ። እሺ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ እንውጣ። ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተሰቀለው ቀሚስ ዓይን ይማርካል። ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎች ልጆችና የልጅ ልጆች እዚያው አካባቢ፣ ከሱቆቹ ጀርባ ይሠራሉ። ድሩ ተወጥሮ፣ ማጉ በመወርወሪያ ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ፣ ጥለቱ ክር በክር እየተቆጠረ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይወለዳል። አንድ ቀሚስ የስንት ቀን ወገብ እንደሚጨርስ ያየ ሰው በዋጋው አይከራከርም። እኔ የምከራከረው ከእሱ አጠገብ በተሰቀለው ነው። ያኛው በማሽን የታተመ ፖሊስተር ነው። ከፊት ሲያዩት ጥለት ይመስላል፤ ሲገለብጡት ጀርባው ነጣ ያለ ነው፤ ክር የሚባል ነገር የለበትም። ሻጩ ሁለቱንም «ጥበብ» ይላቸዋል። «ልዩነቱ ምንድን ነው?» ስለው «ለብሰሽው ማን ይለየዋል?» አለኝ።

ልዩነቱን ያሳዩኝ ነጠላ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። ከሁለቱ ጨርቆች ጫፍ አንድ አንድ ክር መዘዙና ክብሪት ጫሩ። የጥጡ ክር ብን ብሎ ነደደ፤ የተቃጠለ ወረቀት ሸተተ፤ ጣታቸው ላይ የቀረችውን አመድ እፍ አሏት፣ ጠፋች። ሌላኛው መንደድ ትቶ ተጨማደደ፣ ቀለጠ፣ ጥቁር ጭስ አወጣ፤ መጨረሻ ላይ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ሆኖ ቀረ። «ይኸውልሽ ልጄ፣ ይሄን ለብሰሽ ነው ቅዳሴ የምትቆሚው» አሉኝ። በመጋቢት ፀሐይ፣ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ያንን ፕላስቲክ ከውስጥ ለብሶ የቆመ ሰው ነገሩ ይገባዋል። እውነተኛው ግን የወር ደመወዜን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ዓመት በዓል ሲደርስ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ሁለቱን ሳነሳና ስጥል እውላለሁ።

ጥጥ የሌለው አገር ቢሆን አይቆጨኝም ነበር። በአዋሽ ሸለቆ፣ በመተማ፣ በሑመራ የሚበቅለው ምንድን ነው? የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እኮ በ1953 ዓ.ም. ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተቋቋመ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔ ደስ ያለኝ ለውጭ ምንዛሪው ብቻ አልነበረም፤ ደህና ሸሚዝ በቅርብ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ሸሚዙ ተሰፋ፤ ወደ ውጭ ተጫነ። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከፓርኩ ለመውጣት ወሰነ፤ ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች፤ የብዙ ልጃገረዶች እንጀራ ተነካ። የእነሱን ችግር ከእኔ የሸሚዝ ናፍቆት ጋር አላነጻጽርም። ግን አገሬ የተሰፋ ሸሚዝ ለማግኘት አክስቴ ከሜሪላንድ እስክትልክልኝ መጠበቄ አንድ ቀን በሳቅ ይገድለኛል።

ልብስ ማሰፋት አለ አይደል ወይ? አለ። ልብስ ሰፊዬ ጥሩ ሰው ነው፤ እጁም ወርቅ ነው፤ ቀጠሮ የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ እሱም ከነማሽኑ ተነስቶ ሩቅ ሄዷል፤ ተከትዬው ሄጃለሁ፤ ትዳር እንኳ እንዲህ አልተከተልኩም። ጨርቄን ይቀበላል፣ ይለካኛል፣ ቁጥሩን የጋዜጣ ኅዳግ ላይ ይጽፋል፣ «ማክሰኞ ነይ» ይላል። ማክሰኞ ስሄድ ጨርቁ ያኔ በሰጠሁት ፌስታል ውስጥ፣ ያኔ በቋጠርኩት ቋጠሮ አለ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ሐሙስ ስሄድ መብራት አለ፣ ዘምዛሚዋ የለችም። ዘምዛሚዋ ስትገኝ ቁልፍ የሚያስገባው ሰው ለቅሶ ሄዷል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያለው ሰው ልብስ ሰፊው እኔ ሰፈር የነበረ መሆን አለበት። የእኔ ጥምቀትን አልፎ፣ ሚካኤልንም አልፎ ደረሰ።

የሚያናድደው መዘግየቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ። እኔ ከሳምንት በላይ አስቤ፣ ፎቶ ቆርጬ፣ «እጅጌው እስከ ክርን፣ ወገቡ ላላ ያለ፣ ግራና ቀኝ ኪስ ያለው» ብዬ ነግሬዋለሁ። እጅጌው አጠረ፤ ወገቡ ጠበቀ፤ ኪስ የለም። «ኪሱስ?» ስል ከማሽኑ ቀና ሳይል «ኪስ ዳሌ ያወጣል» አለኝ። ወገቡስ? «አሁን የሚለበሰው ጠበብ ያለው ነው።» ለማን? ለማን ነው የሚለበሰው? ከፍዬ፣ ጨርቅ አምጥቼ፣ ተመላልሼ፣ የለበስኩት የእሱን ምርጫ ነው። የተረፈውን ጨርቅ እንኳ ስጠይቀው «አልተረፈም» ይለኛል፤ ከማሽኑ ሥር ትንሽዬ ልጁ ከእኔ ቀሚስ ጋር አንድ ዓይነት ጉርድ ለብሳ ትጫወታለች።

ሳልባጅ የሚባለው ነገር ባይኖር ምን ይውጠን ነበር? ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት ክልክል ነው፤ ክልክል የሆነው ቦንዳ ግን ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ይፈታል። ቀድመው የሚደርሱት ሴቶች ዓይናቸው ያስፈራል፤ ክምሩ ውስጥ እጃቸውን ይከቱና ሳያዩ፣ በመዳበስ ብቻ ጥጡን ከፖሊስተር ይለያሉ። ሰዎች «የሞተ ፈረንጅ ልብስ» እያሉ ይጠየፉታል። ይጠየፉ። በሕይወቴ ካለኝ ልብስ ሁሉ የምወደው ከዚያ ክምር ያወጣሁት ሰማያዊ መስመር ያለው ሸሚዝ ነው። ስፌቱ ሁለት ጊዜ ተመትቷል፤ የቁልፍ ቀዳዳው ዙሪያ አንድ ክር አልተተረተረም፤ የውስጥ ስፌቱ ጠርዝ ተጠቅልሎ ተደብቋል፤ ከጎኑ መለዋወጫ ቁልፍ ተሰፍቶለታል። ማን ለማን እንደሰፋው እንጃ፣ ሰፊው ግን እንደሚለበስ አስቦ ነው የሰፋው። አዲስ ከገዛሁት ይልቅ ሰው የጠገበው ልብስ መብለጡ ነው የሚያንገበግበኝ።

እሱንም ቢሆን በሰላም አልለብሰውም። እዚህ አገር ልብስ መድገም እንደ ምስጢር ይነገራል። ቢሮ ውስጥ አንዷ ጠጋ ትልና «ይቺን ሸሚዝ በጣም ነው አይደል የምትወጃት?» ትለኛለች፤ አነጋገሯ ደግ ነው፣ ዓይኗ ግን ክርኔ ላይ ቀዳዳ ይፈልጋል። ሌላዋ «ከሳሽ እንዴ ወይስ ሸሚዙ ነው?» ትላለች። ፊት ለፊቴ የሚቀመጡት ጋሽዬ ያቺኑ ግራጫ ሱፍ እኔ ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ ይለብሳሉ፤ ጉልበቷ ያብለጨልጫል፤ ስለ እሳቸው የሚባለው «ሥርዓት ያለው አለባበስ» ነው። አልቀናባቸውም። እንደውም ቲክቶክ ላይ የሚሰበከውን የኖሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ጥቂት፣ ጥሩ፣ የራስ። ሴት ቢሆኑ ኖሮ ግን ያቺ ሱፍ በመዋጮ ትቀየር ነበር።

ለማንኛውም፣ የልጆቹን ምክር ልሞክር ብዬ ባለፈው ቅዳሜ ሁሉንም አልጋ ላይ ዘረገፍኩት። አልጋው አልበቃ ብሎ ሶፋው ላይ ቀጠልኩ። ቤት ውስጥ የምታግዘኝን ልጅ ጠራሁና «የወደድሽውን ውሰጂ» አልኳት። ፒቹን አነሳች፤ ጀርባውን አየች፤ መልሳ አስቀመጠች። የሠርጉን በሙሉ እንዲያ አለፈችው። የአክስቴን ሱሪ ወገቧ ላይ ለካችና ሳቀች። የታተመውን የሐበሻ ቀሚስ ገለበጠችው፤ እኔ በክብሪት የተማርኩትን እሷ በጣቷ አወቀችው መሰለኝ፣ «ይሄ እንኳን ያሞቃል እትዬ» ብላ አጣጥፋ መለሰችልኝ። ቲሸርቶቹን አላየቻቸውም። ከዚያ ወንበሩ ላይ፣ ታጥቦ ካውያ የሚጠብቀውን ባለ ሰማያዊ መስመሩን ሸሚዝ በሁለት እጇ አንስታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፤ ስፌቱን አየች፤ መለዋወጫ ቁልፉን ነካ አደረገች።

«እትዬ፣ ሌላው ይቅርብኝ። ይቺን ከሰጡኝ ይበቃኛል።»